ትውስታ፣ ዕድሜና የትምህርት ዕድል፦ የፈርገስ ክሬክ ንድፈ ሐሳብ ለሁምቦ አረጋውያን የትውስታ ምዘና ያለው ፋይዳ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሥነ ልቡና ተመራማሪው ፈርገስ ክሬክ ስለ ትውስታና ስለ አእምሮ እርጅና ያቀረቡትን ንድፈ ሐሳብ መነሻ በማድረግ፣ መደበኛ ትምህርት ያላገኙ አረጋውያን የማስታወስ ችሎታ እንዴት ሊመዘን እንደሚገባ ይመረምራል። የትኩረት ሥፍራው በወላይታ ዞን የሚገኘው የሁምቦ ወረዳ ነው። ጽሑፉ የንድፈ ሐሳብና የዘዴ ግምገማ እንጂ የመስክ ጥናት ዘገባ አይደለም። በግምገማው መሠረት በብዙ አገሮች የሚሠራባቸው የአእምሮ መመዘኛዎች ዕድሜ ያመጣውን ለውጥ የትምህርት ዕድል ካመጣው ልዩነት ለመለየት ይቸገራሉ። በአንጻሩ የክሬክ ንድፈ ሐሳብ በነጻ ማስታወስና በፍንጭ በመታገዝ በማስታወስ መካከል ያለውን ልዩነት ማዕከል ስለሚያደርግ፣ ለአካባቢው የሚስማማ መመዘኛ ለማዘጋጀት ጠቃሚ መሠረት ይሆናል። በመጨረሻም ወደፊት በወረዳው ለሚካሄድ ጥናት አምስት የዘዴ ሐሳቦች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ትውስታ፣ የአእምሮ እርጅና፣ የአካባቢ ድጋፍ፣ መሠረተ ትምህርት፣ የመርሳት ሕመም፣ ሁምቦ

1. መግቢያ

በዕለት ተዕለት አማርኛ የማስታወስ ችሎታው የደከመ አረጋዊ «ጃጅቷል» ይባላል። ቃሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ይጠቀልላል፦ ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የተለመደ ዝግታ፣ አእምሮን ቀስ በቀስ የሚያዳክመውን የመርሳት ሕመም፣ እንዲሁም በሕክምና ሊስተካከል የሚችለውን ጊዜያዊ የአእምሮ ድካም። ሦስቱ በምልክታቸው ሊመሳሰሉ ቢችሉም በመንስኤያቸውና በሚጠይቁት እርዳታ ይለያያሉ። አንድ ጊዜ «ጃጅቷል» የተባለ ሰው ግን ወደ ጤና ተቋም የሚወሰድበት ምክንያት ያለ አይመስልም፤ ቃሉ ራሱ የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ ያገለግላልና።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ጉዳዩ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ለረጅም ዓመታት ትምህርት ቤት በገቡ የሀብታም አገር አረጋውያን ላይ ከተካሄዱ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው «10/66» የተሰኘው የመርሳት ሕመም የምርምር ቡድን ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ መዛባት ነው፤ ከሕሙማኑ 66 በመቶ የሚሆኑት በታዳጊ አገሮች ሲኖሩ ለእነዚህ አገሮች የዋለው ምርምር ግን ከ10 በመቶ ያነሰ ነበር።

ሁምቦ ከወላይታ ሶዶ በስተ ደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው ጠበላ ነው። ቆላማው ክፍሉ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ያዘነብላል። የነዋሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋ በአብዛኛው ወላይትኛ ነው። ዛሬ በዕድሜ የገፉት የወረዳው ነዋሪዎች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ደጃፍ የመርገጥ ዕድል እምብዛም አልነበራቸውም። በመሆኑም ጽሑፉ የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ ይሞክራል፦ ትውስታ ከዕድሜ ጋር የሚደክመው በየትኛው ገጽታው ነው? በሥራ ላይ ያሉት መመዘኛዎች መደበኛ ትምህርት ያላገኘን ሰው በትክክል ይመዝናሉ? የማይመዝኑ ከሆነስ ለሁምቦ የሚስማማ ምዘና ምን ሊመስል ይገባል?

2. የክሬክ ንድፈ ሐሳብ

እ.ኤ.አ. በ1935 በስኮትላንድ ኤዲንበራ የተወለዱት ፈርገስ ክሬክ አብዛኛውን የምርምር ዘመናቸውን ያሳለፉት በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከሮበርት ሎክሀርት ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ትውስታን እንደ ተደራራቢ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሎች የሚያየውን የጊዜውን አመለካከት ሞግተዋል። እንደ ሁለቱ ተመራማሪዎች ገለጻ የአንድ ነገር ትውስታ ጥንካሬ የሚወሰነው ነገሩ በተሰማበት ወይም በታየበት ቅጽበት አእምሮ በሠራው ሥራ ጥልቀት ነው። የቃሉን ድምፅ ብቻ ያዳመጠ ሰው፣ የቃሉን ትርጉም ካሰላሰለው ሰው ይልቅ ቶሎ ይረሳል።

ክሬክ ይህንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ እርጅና ጥናት አስፋፉት። ማስታወስ፣ እንደ እርሳቸው አገላለጽ፣ ከሁለት ምንጮች ኃይል ያገኛል። አንደኛው ሰውየው ከውስጡ፣ በራሱ ተነሣሽነት የሚያደርገው ጥረት ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ ፍንጭ ወይም «የአካባቢ ድጋፍ» ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ የሚደክመው የመጀመሪያው ነው። ስለሆነም አረጋውያንና ወጣቶች በሰፊው የሚለያዩት ያለ ምንም እርዳታ «የሰማኸውን ሁሉ ንገረኝ» በሚባሉበት ነጻ የማስታወስ ተግባር ላይ ሲሆን፣ ፍንጭ ሲሰጥ ልዩነቱ ይጠባል። «ይህን ቃል ቀደም ሲል ሰምተኸዋል ወይስ አልሰማኸውም?» ተብሎ መለየት ብቻ ሲጠየቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ክሬክና ጆአን ማክዳውድ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ሙከራ ተሳታፊዎች እያስታወሱ ጎን ለጎን ሌላ ቀላል ሥራ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። በዚህም ማስታወስ የሚጠይቀው የአእምሮ ዋጋ ለአረጋውያን ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ይህም ከመለየት ይልቅ በማስታወስ ላይ ጎልቶ እንደሚታይ ታውቋል።

ይህ ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «አስታወስሁ» ስንል ባለቤቱ እኛ ነን፤ ጥረቱ የእኛ ነው። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን ባለቤቱ የሚታወሰው ነገር ሲሆን ሰውየው ተቀባይ ነው። ሽታ፣ ዜማ ወይም የአንድ ሰው ፊት ቀስቅሶት ነገሩ በራሱ ይመጣል። በክሬክ አነጋገር ዕድሜ ይበልጥ የሚነካው «አስታወስሁ» የሚለውን እንጂ «ትዝ አለኝ» የሚለውን አይደለም።

ሌሎች ተመራማሪዎች ለተመሳሳይ ለውጥ የተለያየ ማብራሪያ ሰጥተዋል። ቲሞቲ ሶልትሃውስ እ.ኤ.አ. በ1996 የአእምሮ የአሠራር ፍጥነት መቀነስ ዋናው ምክንያት እንደሆነ ተከራክረዋል። ሞሼ ናቬህ-ቤንጃሚን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት ደግሞ አረጋውያን ይበልጥ የሚቸገሩት ነገሮችን ለየብቻ በመያዝ ሳይሆን ሁለት ነገሮችን፣ ለምሳሌ ስምንና መልክን፣ በማቆራኘት ነው። ኤንደል ቱልቪንግ እ.ኤ.አ. በ1972 በለዩት መሠረትም «ትናንት የት ነበርሁ?» የሚለው የክስተት ትውስታ በዕድሜ ሲጎዳ፣ የቃላትና የዓለም ዕውቀት ግን እስከ እርጅና ድረስ ይጸናል። በእነዚህ ማብራሪያዎች መካከል ያለው ክርክር አልተቋጨም። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የጋራ ድምዳሜያቸው በቂ ነው፦ እርጅና ትውስታን በጅምላ አያጠፋም፤ መርጦ ይነካል። ምዘናም ይህንን ምርጫ ማሳየት ይኖርበታል።

3. የመደበኛ መመዘኛዎች ችግር

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የአእምሮ መመዘኛዎች አንዱ ማርሻል ፎልስታይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙት አጭር የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ ነው። ጠቅላላ ነጥቡ 30 ሲሆን፣ በተለምዶ ከ24 በታች ያገኘ ሰው የአእምሮ ድካም ሊኖርበት እንደሚችል ይገመታል።

የነጥቦቹን አከፋፈል ልብ ብሎ ለተመለከተ ችግሩ ግልጽ ነው። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር ወይም አንድን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል መጥራት 5 ነጥብ ይይዛል። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ መፈጸም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍና የተሰጠን ሥዕል መገልበጥ በድምሩ 3 ነጥብ ይይዛሉ። እንግዲህ ሌላውን ሁሉ በትክክል የመለሰ፣ ነገር ግን እርሳስ ይዞ የማያውቅና የጽሑፍ ስሌት ያልተማረ ሰው እነዚህን 8 ነጥቦች ቢያጣ ውጤቱ 22 ይሆናል። አንድም ነገር ሳይረሳ ከመለያው ነጥብ በታች ወደቀ ማለት ነው። ይህ ባዶ ስሌት አይደለም። ሮዛ ክረምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ከ18,000 በላይ አሜሪካውያን አዋቂዎችን ውጤት ሲተነትኑ፣ 9 ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት መካከለኛ ውጤት 29፣ ከ5 እስከ 8 ዓመት የተማሩት 26፣ ከ0 እስከ 4 ዓመት የተማሩት ደግሞ 22 ሆኖ አግኝተውታል።

መመዘኛውን ወደ አገራችን ቋንቋዎች መተርጎም ብቻውን ችግሩን አይፈታም። ለዚህ ሦስት ማሳያዎችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛ፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ ከኋላ ወደ ፊት የሚጠራው ቃል ትርጉሙ «ዓለም» የሆነ ባለ አምስት ሆሄ ቃል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሆሄ 1 ነጥብ ይሰጣል። «ዓለም» ግን በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄያት ብቻ አሉት። የአማርኛ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አዋሕዶ ስለሚይዝ «ምለዓ» ብሎ መገልበጥ ከእንግሊዝኛው የተለየ፣ በርዝመትም ያነሰ ሥራ ነው። ወላይትኛ ዛሬ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ደግሞ በዚያው ወረዳ ያለ ተመዛኝ የትኛውን አጻጻፍ በልቡ ይዞ እንደሚገለብጥ መዛኙ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛ፣ «አሁን ያለነው በየትኛው ወቅት ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ እንዳለው ይገምታል። ዓመቱን በበልግና በክረምት ዝናብ፣ በዘርና በአጨዳ ለሚለይ ገበሬ ግን የመጽሐፉ አራት ወቅቶች ብቸኛው አከፋፈል አይደሉም። ሦስተኛ፣ «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» የሚለው ጥያቄ ለጠበላ ዙሪያ ቀበሌዎች ትርጉም የለውም።

4. «የትምህርት ዓመት» የሚሸፍነው ታሪክ

ለችግሩ የተለመደው መፍትሔ የተመዛኙን የትምህርት ዓመታት ቆጥሮ ውጤቱን ማስተካከል ነው። በሁምቦ ግን ይህ ተላውጦ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። የብሔራዊ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በኋላም ወደ 15 ብሔረሰብ ቋንቋዎች ሲስፋፋ፣ ወላይትኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር። የመማሪያ ጽሑፎቹም የተዘጋጁት በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ዘመቻው ሲጀመር የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። በልጅነቷ ትምህርት ቤት ሳትገባ በዘመቻው ማንበብና መጻፍ ተምራ ሊሆን ይችላል። ለመጠይቁ ስትመልስ ግን «ትምህርት ቤት አልገባሁም» ትላለች፤ በቅጹም ላይ «0» ይሞላል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወላይትኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ ያቺው ሴት በዘመቻው የተማረችውን ፊደል ለአማርኛ ጽሑፍ ልትጠቀምበት ብትችልም፣ የልጅ ልጇን የወላይትኛ መማሪያ መጽሐፍ ለማንበብ ትቸገራለች። በመመዘኛው «ማንበብ ትችላለች?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየትኛው ፊደል እንደቀረበላት ይወሰናል። እንግዲህ በአንድ «0» ውስጥ ፈጽሞ ያልተማረች፣ ተምራ የረሳች፣ እንዲሁም ዛሬም በአንዱ ፊደል የምታነብ ሴት ተደባልቀው ይገኛሉ። ማንበብና መጻፍ በራሱ አእምሮ ቃላትን የሚያስተናግድበትን መንገድ እንደሚለውጥ ስለሚታወቅ ይህ መደባለቅ ቀላል ስሕተት አይደለም።

5. ከሌሎች አካባቢዎች የተገኙ ትምህርቶች

ትምህርት ያላገኙ ሰዎችን ትውስታ የመመዘን ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በስዋዚላንድ ያገኙት አንድ እረኛ ከአንድ ዓመት በፊት የተካሄደን የከብት ግዢ ከጥቃቅን ስሕተቶች በቀር በዝርዝር እንዳስታወሰ መዝግበዋል። ባርትሌት ከዚህ የወሰዱት ትምህርት እረኛው የተለየ የማስታወስ ኃይል አለው የሚል አልነበረም፤ ሰው የሚያስታውሰው ኑሮው የሚጠይቀውን ነው የሚል ነበር። ማይክል ኮልና ሲልቪያ ስክሪብነርም በላይቤሪያ በክፔሌ ሕዝብ መካከል ባካሄዱት ጥናት፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰዎች ዝርዝር ቃላትን ደጋግመው ቢሰሙም እምብዛም እንዳላሻሻሉ፣ ያው ቃላት በተረት ውስጥ ሲገቡ ግን ጥሩ አድርገው እንዳስታወሱ አሳይተዋል። ይህ ውጤት በክሬክ ቋንቋ ሲተረጎም ተረቱ የአካባቢ ድጋፍ ሆነ ማለት ነው።

በፖርቱጋል አሌክሳንድራ ረይስና ባልደረቦቿ ያካሄዷቸው ሁለት ጥናቶች ለእኛ ቀጥተኛ ትርጉም አላቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው፣ ያልተማሩ ሰዎች ዕቃዎችን በሥዕል ሲያዩ ለመሰየም ይቸገራሉ፤ ዕቃው ራሱ ሲቀርብላቸው ግን ከተማሩት አይለዩም። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመው ደግሞ «የቻልሽውን ያህል የእንስሳት ስም ጥሪ» ሲባሉ ያልተማሩት ሴቶች አነስተኛ ቁጥር ሲጠሩ፣ «በመደብር የሚገዙ የምግብ ዓይነቶችን ጥሪ» ሲባሉ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ሁለተኛው ጥያቄ ከዕለት ኑሯቸው የወጣ ነበር።

በአፍሪካ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ይጠቀሳሉ። ሂው ሄንድሪ፣ አዴሶላ ኦጉኒዪና ባልደረቦቻቸው በናይጄሪያ ኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ አፍሪካ-አሜሪካውያንን በአንድ ዓይነት ዘዴ አነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ውጤት በየዓመቱ በመርሳት ሕመም አዲስ የሚያዙት በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 3.24 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የማንበብ ችሎታን የማይጠይቅ መመዘኛና ከቤተሰብ አባል ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አጣምረው ተጠቅመዋል። ትምህርት ያላገኘ ሕዝብ ሁሉ በጅምላ «ሕመምተኛ» ሆኖ ያልተቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። በታንዛኒያ ሐይ ወረዳ የተዘጋጀው መመዘኛም በወረቀትና በእርሳስ ፋንታ በክብሪት እንጨት ቅርጽ መሥራትን፣ አሥር ቃላትን ሰምቶ ቆይቶ ማስታወስንና የእንስሳት ስም መጥራትን ይጠቀማል።

6. ለሁምቦ የሚቀርቡ የዘዴ ሐሳቦች

6.1 ዕድሜን መወሰን። ስለ እርጅና የሚደረግ ጥናት ሁሉ በዕድሜ ይጀምራል። የልደት ምዝገባ ላልነበረው ትውልድ ግን ዕድሜ ግምት ነው። በክብ ቁጥር የሚነገር ዕድሜ፣ ለምሳሌ 60፣ 70፣ 80፣ ለትንተና አይመችም። ስለዚህ በታወቁ ክስተቶች የተዘጋጀ የዘመን ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፦ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣሊያን ወረራ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) በአበላ ያካሄደው ሰፈራ፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ፣ የ1971ዱ ዘመቻ፣ የ1977ቱ ድርቅ። «ዘመቻው ሲመጣ አግብተው ነበር? ስንት ልጅ ነበረዎት?» የሚለው ጥያቄ ከ«ዕድሜዎ ስንት ነው?» የተሻለ መልስ ያስገኛል። እያንዳንዱ ክስተት ፍንጭ ስለሆነም አሠራሩ ከክሬክ ሐሳብ ጋር ይስማማል።

6.2 በእውነተኛ ዕቃ የሚደረግ ባለ ሦስት ደረጃ ምዘና። ኤለን ግሮበርና ኸርማን ቡሽኬ እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቁት ዘዴ፣ ተመዛኙ እያንዳንዱን ነገር ትርጉሙን አስቦ እንዲይዘው ካደረገ በኋላ በመጀመሪያ በነጻ፣ ቀጥሎ በፍንጭ እንዲያስታውሰው ይጠይቃል። በሁምቦ በሥዕል ፋንታ ጀበና፣ ማጭድ፣ እንዝርት፣ የበቆሎ እሸት፣ የጨው ቁራጭና መሰል ዕቃዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። መዛኙ «ከእነዚህ ለአጨዳ የሚያገለግለው የቱ ነው?» ብሎ ትርጉሙን ያስጨብጣል፤ ከቆይታ በኋላ ተመዛኙ ሲረሳ «ለአጨዳ የሚያገለግል ነገር ነበር» ብሎ ፍንጭ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ቀላቅሎ ያስለያል። ወሳኙ መረጃ በነጻና በፍንጭ መካከል ያለው ርቀት ነው። በነጻ ጥቂት አስታውሶ በፍንጭ አብዛኛውን የሚያገኝ ሰው ከተለመደ እርጅና ጋር የሚስማማ መልክ ያሳያል። ፍንጩም መለየቱም የማይረዳው ሰው ግን ነገሩ ከመጀመሪያው በአእምሮው እንዳልተቀረጸ ስለሚጠረጠር ወደ ሐኪም ሊመራ ይገባል።

6.3 ከኑሮ የወጣ የቃላት መደብ። ለቃላት ቅልጥፍና ምዘና ከእንስሳት ስም ጎን ለጎን «በጠበላ ገበያ የሚሸጡ ነገሮች» የሚል መደብ መሞከር ይገባል። ቅቤ፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ በርበሬ፣ ሙዝ፣ ሸክላ እያለ የሚሄደው ዝርዝር ለሴቶች ቅርብ ነው። የከብት ዓይነትና ቀለም የሚጠራበት መደብ ደግሞ ለወንዶች ሊቀርብ ይችላል። ሁለቱንም ለሁሉም ማቅረብ የጾታ አድልዎን ይቀንሳል። ምዘናው ተመዛኙ በሚመርጠው ቋንቋ መካሄዱም ግዴታ ነው።

6.4 የሩቅ ዘመን ትውስታን በጥንቃቄ መጠቀም። ዴቪድ ሩቢንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት፣ አረጋውያን የሕይወት ታሪካቸውን ሲያወሱ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው ያለው ዘመን ጎልቶ ይወጣል። በሁምቦ ለዚህ የተለየ መመዘኛ አለ። የሁምቦ ተራራ ደን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ተመንጥሮ እንደነበር፣ ኋላም 2,728 ሄክታር መሬት ከቀሩ ጉቶዎችና ሥሮች እንዲያገግም በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደተጠበቀ፣ ፕሮጀክቱም እ.ኤ.አ. በ2009 በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት አሠራር እንደተመዘገበ ይታወቃል። ዛሬ በ70ዎቹ ዕድሜ ላሉት፣ ምንጠራው የተካሄደው በዚያ ጎልቶ በሚታወስ የሕይወት ዘመን ነው። የትኞቹ ዛፎች የት ይበቅሉ እንደነበር የሚሰጡት ምስክርነት በአረጋውያኑ መካከል ሊመሳከር ይችላል። ይሁንና አንድ ማስጠንቀቂያ መታወስ አለበት። በመርሳት ሕመም መጀመሪያ ላይ የሚጎዳው የቅርቡ ትውስታ ሲሆን የሩቁ ለጊዜው ይቆያል። ስለዚህ የድሮውን ደን በሚገባ የሚተርክ አረጋዊ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ቤተሰብ «አባባ የጥንቱን አንድ ሳይቀር ያስታውሳሉ፤ ምንም አልሆኑም» ሲል የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

6.5 የቤተሰብ ምስክርነትና ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶች። የአካባቢ ድጋፍ የሚያግዘውን ያህል ይሸፍናልም። የገበያ ቀን፣ የዕድር ስብሰባ፣ የጸሎት ሰዓት፣ የከብቱ ጩኸት፣ የጎረቤት ጥሪ ለአረጋዊው ሁሉም ፍንጮች ናቸው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚኖር ሰው ትውስታው ቢደክምም ድካሙ ላይታይ ይችላል፤ ከባድ ሥራ ከአረጋዊ ስለማይጠበቅም የተወው ሥራ አይቆጠርም። ወደ ሶዶ ወይም ወደ ሐዋሳ ልጁ ዘንድ ሲሄድ ግን ፍንጮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀራሉ፤ ቤተሰቡም ሕመሙ በድንገት የጀመረ ይመስለዋል። ስለሆነም ቃለ መጠይቁ «ምን መሥራት አቃታቸው?» ከማለት ይልቅ «ከአምስት ዓመት በፊት ይሠሩት የነበረውና አሁን ሌላ ሰው የሚሠራላቸው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የዳኝነት ጉዳይ ሲያዩ ነገር ይደጋግማሉ? የተበደሩትንና ያበደሩትን ይለያሉ? የሚሉትም ጠቃሚ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በፊት መስማትና ማየት ሊፈተሹ ይገባል። ቃሉን ያልሰማ ሰው ሊያስታውሰው አይችልም። በላንሴት መጽሔት የተቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ሊለወጡ የሚችሉ 14 የአደጋ መንስኤዎችን ዘርዝሯል። የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ የድባቴ ሕመምና በልጅነት ያልተገኘ ትምህርት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መንስኤዎቹ ሁሉ ቢወገዱ በመርሕ ደረጃ ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻልም ገምቷል።

7. ክፍት የሆነ ጥያቄ፦ ሁለት ቋንቋ መናገር

ኤለን ቢያሊስቶክ፣ ክሬክና ሞሪስ ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ2007 የ184 ታካሚዎችን መዛግብት መርምረው፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩት የሕመሙ ምልክት የታየባቸው አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩት በ4.1 ዓመት ዘግይቶ እንደሆነ ዘግበዋል። ሱቫርና አላዲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕንድ ሐይደራባድ 648 ታካሚዎችን አጥንተው የ4.5 ዓመት ልዩነት አግኝተዋል፤ ልዩነቱ ባልተማሩት ዘንድም ታይቷል። በሌላ በኩል ሎራ ዛሆድኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ አረጋውያንን ለዓመታት ተከታትለው ሁለት ቋንቋ መናገር የመከላከል ኃይል እንዳለው አላረጋገጡም።

ወላይትኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት ሁምቦ ለዚህ ክርክር ተስማሚ ሥፍራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ትውልድ አማርኛን የተማረው በአብዛኛው ወታደር የነበረ፣ ለሥራ ወደ ሌላ አካባቢ የሄደ፣ የነገደ ወይም ትምህርት ቤት የገባ ነው። በመሆኑም የቋንቋውን ውጤት ከጾታ፣ ከጉዞና ከትምህርት ውጤት ሳይለዩ መናገር ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ይመራል። ጥያቄው ሊጠና የሚገባው ቢያንስ ቋንቋው መቼ፣ የት እና ለምን እንደተለመደ የሚመዘግብ መጠይቅ ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

8. ማጠቃለያ

የክሬክ ንድፈ ሐሳብ የእርጅናን ትውስታ ጥያቄ «ምን ያህል ታስታውሳለህ?» ከሚለው «በምን ሁኔታ ታስታውሳለህ?» ወደሚለው ያሸጋግረዋል። ይህ ሽግግር መደበኛ ትምህርት ላላገኘ ሕዝብ ከፍተኛ ዋጋ አለው። ድጋፍን ሁሉ አስወግዶ የሚመዝን መመዘኛ ጤነኛዋን እናት ሕመምተኛ ያደርጋል፤ በኑሮው ድጋፍ ላይ ብቻ የሚመሠረት ግምት ደግሞ የታመመውን አባት «እርጅና ነው» ብሎ ያለፈዋል። ድጋፉን በደረጃ እየጨመረ ልዩነቱን የሚመዘግብ ምዘና ከሁለቱም ስሕተቶች ይጠብቃል።

የቀረቡት አምስቱ ሐሳቦች በመስክ ተፈትሸው ተገቢነታቸውና አስተማማኝነታቸው ሊረጋገጥ ይገባል። የመጀመሪያው እርምጃ በጥቂት ቀበሌዎች የሚካሄድ የሙከራ ጥናት ሊሆን ይችላል፤ በዚህም የምዘናው ውጤት ከሐኪም ምርመራ ጋር ይነጻጸራል። ከምዘናው በኋላ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ወዴት እንደሚላክ አስቀድሞ ከጤና ጣቢያው ጋር መስማማት የጥናቱ የሥነ ምግባር ቅድመ ሁኔታ ነው። ወደ ሕክምና በማያደርስ ምዘና አንድን አረጋዊ በቀበሌው ፊት «የመርሳት ሕመምተኛ» ማሰኘት ከቀድሞው «ጃጅቷል» የተሻለ አገልግሎት አይሆንም።